የተማሮች መለያየትና የመምህር ተግባር

የእጅ ጣቶች ከአንድ መዳፍ ወጥተው ሳለ ቁመታቸው እኩል አይደለም እየተባለ በየሸንጎው ይመሰላል። ይህ ምሳሌ ስለ ሀብትና ስለ ጠባይ ሲነገር ዘወትር ይሰማል፤ ስለ ትምህርት ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም። ዳሩ ግን የሰው ልጅ መለያየት ጐልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የትምህርት ክፍል ነው። በአንድ ቀን ተመዝግበው፥ በአንድ ወንበር ተቀምጠው፥ አንድ ዐይነት መጽሐፍ የያዙ ሕፃናት ወር ሳይሞላቸው እንደ ዳገት መንገደኞች ይራራቃሉ። አንዱ ቀድሞ ከራሱ ላይ ይደርሳል፥ ሌላው ከወገቡ ይቀራል፥ ሌላውም ገና ከግርጌው ቆሞ መንገዱ በየት እንደ ሆነ ይጠይቃል። መምህሩ ግን የሚናገርበት አፍ አንድ፥ የሚጽፍበትም ሰሌዳ አንድ ነው። እንግዲህ ለማን ይናገር? ለቀዳሚው ቢናገር ኋለኛው ይጠፋል፤ ለኋለኛው ቢናገር ቀዳሚው ይሰለቻል፤ ለመካከለኛው ቢናገር ሁለቱም ወገኖች ይቀሩበታል።

ይህ ጥያቄ የመምህራን የሥራ ጣጣ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ የነገሩን ፍጻሜ ይመልከት። ፊደል በሚገባ ሳይለይ ከአንደኛ ክፍል ወደ ሁለተኛ፥ ከሁለተኛም ወደ ሦስተኛ የተሻገረ ልጅ፥ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ በንባብ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በየቀኑ ከክፍል እየገባ በየቀኑ ባዶ እጁን ይወጣል። ሒሳቡም፥ ታሪኩም፥ የተፈጥሮ ዕውቀቱም ለእርሱ እንደ ተቈለፈ ሣጥን ነው። ጥቂት ዘመን እንደዚህ ከቈየ በኋላ፥ ወይ ትምህርቱን ትቶ ይሄዳል፥ ወይም «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርሁም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። መንግሥት ለወንበሩ፥ ለመጽሐፉና ለመምህሩ ደመወዝ ያወጣው ገንዘብ ሳይቀር በዚህ ልጅ ላይ ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል። ስለዚህ የተማሮች መለያየት የሚመለከተው መምህሩን ብቻ ሳይሆን፥ የመንግሥትን ሥራ የሚመራውን ሹምና ሕዝቡን የሚያስተምረውን ካህን ጭምር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታሰበበት መሆኑን ለማስተዋል የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቤት አሠራር መመልከት ይበቃል። በንባብ ቤት ከየኔታ እግር ሥር የተሰበሰቡት ሕፃናት ቍጥራቸው ሃያም ይሁን አርባ፥ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ አይገኙም። አንዱ ገና ሀ ሁ እያለ በስንደዶ ፊደሉን ይቈጥራል፤ ሁለተኛው አቡጊዳን ይዟል፤ ሦስተኛው ከዮሐንስ መልእክት ላይ ቃሉን በቍጥር ያነባል፤ አራተኛው ወንጌሉን ጨርሶ መዝሙረ ዳዊትን ጀምሯል። የሁሉም ድምፅ በአንድነት ሲሰማ ለእንግዳ ሰው ሁካታ ይመስለዋል። የኔታ ግን የእያንዳንዱን ልጅ ስፍራ ያውቃሉ፤ ልጁን ጠርተው ያነበበውን ይሰሙታል፤ ካወቀው ወደሚቀጥለው ያሻግሩታል፥ ካላወቀው በዚያው እንዲደግም ያደርጉታል። እርሳቸው ሌላውን ሲሰሙ፥ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። ዳዊት የደገመ ልጅ የሚታወቀው በቈየበት ዓመት ብዛት አይደለም፤ መቶ አምሳውን መዝሙር አንብቦ በመጨረሱ ነው። በዚያ ቤት ዓመቱ የሚለካው በትምህርቱ ነው እንጂ ትምህርቱ በዓመቱ አይለካም።

በቅኔ ቤት ደግሞ ይህ ሥርዓት ከዚህ ይልቅ ረቅቆ ይገኛል። ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ከእርሱ አጠገብ የተቀመጠው ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ ጀምሯል፤ ሌላውም ዋዜማንና ሥላሴን አልፎ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ያስባል። ሁሉም መምህሩ በጉባኤ የዘረፉትን ቅኔና የተነገረውን አገባብ በአንድነት ሰምተዋል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ብቻውን ወደ ሜዳ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ዐቅሙ የፈቀደውን ቈጥሮ ይመለሳል፥ ለመምህሩም ይነግራል፥ መምህሩም ያርሙታል። ትምህርቱ ለሁሉ አንድ ሲሆን ሥራው ለየራሱ መሆኑን ያስተውሏል። ዛሬ በሌላው ዓለም ያሉ የትምህርት ሊቃውንት በብዙ ምርመራ የደረሱበት አንዱ ምክር ይኸው ነው፤ ማስተማር በአንድነት፥ ማለማመድና ማረም ግን በየመጠኑ እንዲሆን ይላሉ።

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ በዚህ ነገር ሊታሰብ ይገባል። በገድሉ እንደሚነገረው፥ በ6ኛው ምዕት ዓመት በአክሱም ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት በገባ ጊዜ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ብዙ ዘመን ቈየ፤ መምህሩም ቢገርፉት ከፋውና ሸሽቶ ሄደ። ከዛፍ ጥላ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክርና ስትወድቅ፥ ወድቃም ደግማ ስትነሣ፥ በመጨረሻም ከፍሬው ስትደርስ አይቶ ልቡ ተጽናናና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ድጓውና ጾመ ድጓው ይመሰክራሉ። ይህን ታሪክ መምህራን ለተማሮች ሲናገሩት ስለ ትዕግሥት ምሳሌ አድርገው ነው፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን በታሪኩ ውስጥ ለመምህራንም የተሰጠ ትምህርት አለ። ያሬድ በተመለሰ ጊዜ የጉባኤው በር አልተዘጋበትም፤ «ዕድሜህ አልፏል፥ ባልንጀሮችህ ቀድመውሃል፥ ስምህ ከመዝገብ ተፍቋል» ያለው አልነበረም። የዘገየው ልጅ እንደ ገና የሚጀምርበት ስፍራ አግኝቷል። ያ ስፍራ ባይኖር ኖሮ የትሏ ትዕግሥት ብቻውን ያሬድን ሊቅ አያደርገውም ነበር።

ይህን ሁሉ ማለት የቀድሞው ትምህርት ቤት ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ጅራፉና እግረ ሙቁ የብዙ ሕፃናትን ልብ አስደንግጧል፤ ፍርሃትም ሰነፍን ትጉህ ከሚያደርገው ይልቅ ትጉሁን ኮብላይ አድርጎታል። ሴቶች ልጆች ከጥቂቶቹ በቀር ከጉባኤው ርቀው ኖረዋል። ትምህርቱ በቃልና በጆሮ የሚሰጥ ስለ ነበረ ዐይነ ስውራን ተምረው ከታላቅ መዓርግ ለመድረስ ሲችሉ፥ መስማት የተሳናቸው ግን በዚያው ምክንያት መግቢያ አላገኙም። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ የማስተማር መንገድ ራሱ ለአንዱ በር ሲሆን ለሌላው ግድግዳ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ጐደሎ የሚባለው በልጁ ውስጥ ሳይሆን በመንገዱ ውስጥ ያለ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ከተከፈተና በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከተመረቀ ወዲህ በአገሪቱ የተስፋፋው አዲሱ ትምህርት፥ በክፍልና በዓመት የተመደበ ነው። ይህ አሠራር ለብዙ ሕዝብ በጥቂት መምህራን ዕውቀት ለማዳረስ የሚያስችል ስለ ሆነ ጥቅሙ የማይካድ ነው። ያለ እርሱ ሚሊዮን ለሆኑ ሕፃናት ትምህርት ሊደርሳቸው አይችልም ነበር። ነገር ግን ክፍሉ በዕድሜና በመመዝገቢያ ቀን እንጂ በዕውቀት መጠን የተሰበሰበ ባለመሆኑ፥ የኔታ በየልጁ ያውቁት የነበረውን ስፍራ የአዲሱ መምህር ሊያውቀው አስቸጋሪ ሆነበት። ሒሳቡንም ማስላት ቀላል ነው። ስልሳ ተማሮች ባሉበት ክፍል የአርባ ደቂቃ ትምህርት ቢሰጥና መምህሩ አንዲት ቃል እንኳ ለሁሉ ሳይናገር ጊዜውን በሙሉ ለየተማሪው ቢያካፍል፥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አርባ ሰከንድ ብቻ ነው። በአርባ ሰከንድ የአንድን ሕፃን አሳብ መመርመር አይቻልም።

የልጆቹ መለያየት ከወዴት ይመጣል ቢባል፥ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ልጁ ወደ ክፍል ሲገባ ይዞት የመጣው ዕውቀት ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ዴቪድ አውሱቤል እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ለመማር ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር መሆኑን አስረድቷል። ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥሮ የመጣ ልጅና እርሳስ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ በአንድ ቀን ጀመሩ ቢባልም፥ በእውነቱ አንድ መነሻ የላቸውም። ሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ በቤቱ አንድ ቋንቋ ሲናገር ኖሮ በትምህርት ቤት ሌላ የሚሰማ ሕፃን ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይሸከማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የወሰነው ይህን ሸክም ለማቅለል ነበር። ሦስተኛው የሰውነት ነገር ነው፤ ሳይበላ የመጣ ልጅ፥ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጕዞ የደከመ ልጅ፥ ዐይኑ የታመመ ወይም ጆሮው የከበደ ልጅ ሁሉ በሰነፍነት ይታማል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳው የማይታየውን ልጅ ወደ ፊት በማምጣት ብቻ «ሰነፉ» ትጉህ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አራተኛው የቤት ሥራ ነው፤ ውሃ የምትቀዳ ልጅና ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጥናት የሚያጠኑበት ሰዓት እንደ ሌሎቹ አይደለም። በመጨረሻም የተፈጥሮ ፍጥነት ልዩነት አለ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠሩት እርሱን ነው፤ መጠራት የሚገባው ግን ሌላው ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ነው።

ቸኩሎ መፍረድ የሚያመጣውን ጥፋት የአልፍሬድ ቢኔ ሥራ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ፈረንሳዊ ሊቅ በተለመደው ትምህርት የማይከናወንላቸውን ልጆች ለይቶ ልዩ እርዳታ ለመስጠት እንዲቻል፥ እ.ኤ.አ. በ1905 ከሐኪሙ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር 30 ጥያቄዎች ያሉበት መመዘኛ አዘጋጀ። አሳቡ ልጁ የሚረዳበትን መንገድ ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው መጽሐፉም የልጅ አእምሮ መጠኑ ተወስኖ የማይጨምር ነው የሚሉትን አጥብቆ ተቃውሞ፥ አእምሮ በልምምድ እንደሚጠነክር አስረዳ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1911 ከሞተ በኋላ ግን መመዘኛው ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሮ፥ ለእርዳታ የተበጀው መሣሪያ በብዙ ስፍራ ለፍርድ ዋለ፤ ሰውንም ለዘለዓለም በአንድ ቍጥር መሰየሚያ ሆነ። መብራት ሆኖ የተሠራው ዕቃ ማኅተም ሆነ ማለት ነው። በሚዛን የሚመዝን ሁሉ ይህን አይርሳ፤ ፈተና ልጁ ዛሬ የቆመበትን ስፍራ ይናገራል እንጂ ነገ የሚደርስበትን አይናገርም።

ከዚህ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ነገሩን በሌላ ገጽ ተመለከቱት። ጆን ካሮል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጽሑፍ፥ የተማሮች የችሎታ ልዩነት በዋናው የጊዜ ልዩነት መሆኑን አስረዳ፤ ይኸውም አንዱ በአንድ ሳምንት የሚያውቀውን ሌላው በሦስት ሳምንት ያውቀዋል ማለት ነው። ቤንጃሚን ብሉምም ይህን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1968፥ ለሁሉ እኩል ጊዜ ሰጥቶ ልዩ ልዩ ፍሬ ከመሰብሰብ ይልቅ፥ በየመካከሉ እየመረመሩ ለጐደለው እርማትና ተጨማሪ ጊዜ በመስጠት ብዙዎቹን ከአንድ ግብ ማድረስ እንደሚቻል አስተማረ። የዳዊትን ትምህርት የሚያውቅ ካህን ይህን ቢሰማ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በቅርብ ዘመን በተግባር የተፈተነም ምስክር አለ። በህንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ፕራታም የተባለው ማኅበር፥ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በቀን ለተወሰነ ጊዜ ክፍላቸውን ትቶ በንባብ መጠናቸው መደባቸው። ፊደል የማይለዩት ከፊደል፥ ቃል የሚያነቡት ከዐረፍተ ነገር፥ ዐረፍተ ነገር የሚያነቡት ከታሪክ ጀመሩ። መምህራኑ ለዚህ ብቻ የተለየ ሰዓት በተሰጣቸውና ተቈጣጣሪዎች በደገፏቸው ስፍራ ልጆቹ በንባብ ጐልተው ተሻሻሉ፤ መጻሕፍቱ ብቻ ተሰጥተው አሠራሩ ባልተለወጠበት ስፍራ ግን ለውጡ እምብዛም ሆነ። በምዕራብ ኬንያም በ121 ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ተጨማሪ መምህር ተቀጥሮለት ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፥ በእኩሌታዎቹ ገደማ ተማሮቹ በዕጣ፥ በሌሎቹ ግን በቀድሞ ውጤታቸው ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በውጤት በተመደቡበት ስፍራ ብርቱዎቹም ደካሞቹም ተጠቀሙ፤ ምክንያቱም መምህሩ ትምህርቱን ከፊቱ ላሉት ልጆች መጠን ለማስማማት ስለ ቻለ ነው።

ሆኖም በዚህ ስፍራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መለየት መድኃኒት የሚሆነው መጠኑ ሲታወቅ ነው። ልጆቹ አንድ ጊዜ ተለይተው ለዘወትር በዚያው ቢቀሩ፥ ደካማ ለተባሉትም ደካማው መምህርና አሮጌው መጽሐፍ ቢደርሳቸው፥ ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ ምድቡ ለአንድ ትምህርትና ለአጭር ጊዜ ይሁን፤ በየወሩም ይመርመርና ያወቀው ይሻገር። ደግሞም «ይህ ልጅ በዐይኑ ብቻ፥ ያ ልጅ በጆሮው ብቻ ይማራል» እያሉ ተማሮችን መከፋፈል በብዙ አገር ተለምዷል፤ ነገር ግን አራት ሊቃውንት የቀድሞውን ምርመራ ሁሉ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳስታወቁት፥ በዚህ ዐይነት ለይቶ ማስተማር የሚጠቅም ለመሆኑ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ዐይነ ስውርነትና መስማት አለመቻል ግን ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ የግድ የተለየ መንገድ ይሻሉ። ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ እነዚህ ልጆች ከባልንጀሮቻቸው ጋር በአንድነት የሚማሩበት ሥርዓት እንዲዘጋጅ ያዝዛል።

እንግዲህ ስልሳ ልጆች በፊቱ የተቀመጡ መምህር ምን ያድርግ? መጀመሪያ፥ ዓመቱ ሲከፈት መጽሐፉን ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ ይስማ። በቀን ዐሥራ ሁለት ልጆችን ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢሰማ፥ በየቀኑ የሚፈጀው ሃያ አራት ደቂቃ ነው፤ በአምስት ቀንም ስልሳውን ይጨርሳል። በአንድ ሳምንት ድካም የዓመቱን መንገድ ያያል። ሁለተኛ፥ ከሚያነቡት ዐሥር ልጆችን መርጦ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ልጆች ቢሰጥ፥ አምሳው ከዐሥሩ ጋር ሆነው ክፍሉ በሙሉ ይደራጃል፤ እርሱም ዐሥሩን እየሰማና በመካከላቸው እየተዘዋወረ ሁሉን ይጠብቃል። ይህም የቆሎ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የማስጠናት ልማድ ነው። ሦስተኛ፥ የልጁን ስሕተት በጉባኤ መሳለቂያ አያድርገው፤ የተሳሳተ ልጅ የቆመበትን ስፍራ ያሳየ ነውና መምህሩ ሊያመሰግነው ይገባል። አራተኛ፥ ቀዳሚውን ልጅ ሥራ አይፍታ፤ የጨረሰውን ነገር እንዲደግም ከማድረግ ይልቅ ከፍ ያለ ጥያቄ ይስጠው።

በዚህ ላይ የሚነሡ መቃወሚያዎች አሉ። ብልሁ ልጅ ሌላውን ሲያስጠና ጊዜው ይባክንበታል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ያስተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ዕውቀት ለሌላ ሲነገር በተናጋሪው ልብ ይጸናል፤ ቢሆንም ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን እንጂ ልጁ የመምህሩ ምትክ አይሁን። ሌሎችም የክፍሉ መጽሐፍ በዓመቱ ውስጥ ማለቅ አለበት፥ ስለዚህ ወደ ኋላ ለመመለስ ጊዜ የለም ይላሉ። ይህ ከሁሉ የከበደ መቃወሚያ ነው፤ ምክንያቱም መምህሩ ፈቅዶ ሳይሆን ታዝዞ የሚያደርገው ስለ ሆነ ነው። መልሱም በመምህሩ እጅ ሳይሆን በአዛዡ እጅ ይገኛል። ተቈጣጣሪ ወደ ክፍል ገብቶ «ከስንተኛው ገጽ ደረስህ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ፥ መምህሩ ገጹን ይዞ ይሮጣል፥ ልጆቹንም ከኋላው ይተዋል። «ከልጆችህ ስንቱ ያነባል? የማያነቡትስ እነማን ናቸው? ምንስ አደረግህላቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን፥ መምህሩ ልጆቹን መመልከት ይጀምራል። የጥያቄው መለወጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አስተዋይ ሹም ብቻ ነው።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በየአጥቢያው ፊደል የሚያስቈጥሩት መምህር የሕፃኑን የመጀመሪያ እርምጃ ከማንም በፊት ያያሉ፤ ልጁ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲሄድ ከየት እንደ ደረሰ ለመምህሩ ቢያስታውቁለት፥ ልጁ ያወቀውን እንደ ገና በመቈጠር ዓመት አይባክንበትም። ወላጅም «ልጄ ደንቈሮ ነው» ብሎ ሊያስቀረው ሲል የያሬድን ታሪክ ሊያስታውሱት የሚችሉ እነርሱ ናቸው። በወንጌል ያለውን የመክሊት ምሳሌ ዘወትር የሚተረጕሙ ሰዎች፥ ጌታው አምስት፥ ሁለትና አንድ አድርጎ ለየዐቅማቸው እንደ ሰጠ፥ ሁለት ያተረፈውም አምስት ካተረፈው ያላነሰ ምስጋና እንደ ተቀበለ ያውቃሉ። በዚያ ምሳሌ የተወቀሰው ጥቂት የተቀበለው ስለ ጥቂትነቱ አይደለም፤ የተቀበለውን ስለ ቀበረው ነው።

አንድ ሹም ከቢሮው ተነሥቶ በአንዱ ማለዳ በአቅራቢያው ወዳለው ትምህርት ቤት ቢገባ፥ ከመጨረሻው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ልጅ ያገኛል። መጽሐፉ ተከፍቷል፥ ጣቱም ከመስመሩ ላይ ነው፤ ሆኖም አያነብም። ያንን ልጅ ከየት እንደሚያውቅና ከየት እንደማያውቅ የሚጠይቀው ሰው ከተገኘ ይድናል፤ ካልተገኘ ግን መክሊቱን የቀበረው ልጁ ሳይሆን ሳይጠይቀው ያለፈው ሰው ይሆናል።